ሠራሁ ወይስ አሠራሁ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። ያኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ እኔ ስለ ልብወለድ አተራረክ ስለፈልፍ መስኮት መስኮቱን የሚያይ ልጅ ነበር። አሁን ባንክ ይሠራል፣ አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት። የጤናውን፣ የቤተሰቡን፣ የኑሮውን ተጠያይቀን ስናበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«ጋሼ፣ አንድ ምክር ፈልጌ ነው» አለኝ።

ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው ምክር የሚጠይቀው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ምክሩን የሚሰማው ነው። «በል እሺ» አልኩት።

«በሊዝ ጨረታ ቦታ አገኘሁ። ቤት ልሠራ ነው።»

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ።»

«ግን ጋሼ፣ ግራ ገባኝ። ራሴ ላሠራው ወይስ ለኮንትራክተር ልስጠው? እርስዎ ቤትዎን ራስዎ ነው የሠሩት አይደል? ክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር።»

እውነት ነው፤ ነግሬያቸው ነበር። አንዴም አይደለም። ስለ ድርሰት አወቃቀር ሳስተምር ምሳሌ ባጠረኝ ቁጥር «እኔ ቤቴን ስሠራ...» እያልኩ ከመሠረት እስከ ጣራ እተርክ ነበር። መስኮት ሲያይ የኖረ የመሰለኝ ልጅ ይህቺን ግን ሰምቷታል።

«እስቲ ጥቂት ቀን ስጠኝ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁ።

ጥያቄው ቀላል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው እመልስለት ነበር። እሱ ግን «ራስዎ ነው የሠሩት አይደል?» ሲል ሳያውቅ አንድ ያልዳነ ቁስል ነካ። ይህ ጽሑፍ ለእሱ የምሰጠው መልስ ነው። ዘግይቷል፣ ረዝሟልም፤ ይቅር ይበለኝ።

ይህ ጥያቄ በከተማችን ሁለት ፓርቲ አለው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም ይሁን ሠርግ ላይ፣ «ቤት ልሠራ ነው» ብላችሁ ትንፍሽ በሉ፤ ሁለቱም ይነሡባችኋል። አንደኛው ፓርቲ፣ «ለኮንትራክተር? አብደሃል እንዴ! ከሲሚንቶው ይቀንሳል፣ ከብረቱ ይቀንሳል፣ ቅድሚያ ክፍያውን ይወስድና ስልኩን ይዘጋል። ጥሩ ፎርማን ፈልግ፣ ዕቃውን ራስህ ግዛ፣ የእጅ ዋጋ ብቻ እየከፈልክ አሠራ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ራስህ? ስለ አርማታ ምን ታውቃለህ? ሥራህን ትበድላለህ፣ ከሚስትህ ትጣላለህ፣ ቤቱ ሲያልቅ አንተም ስኳርና ግፊት ይዘህ ታልቃለህ። ለባለሙያ ስጥና ተኛ» ይላል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚከራከሩት ስለ ገንዘብና ስለ እንቅልፍ ነው። የትኛው ይረክሳል? የትኛው ያስተኛል? እኔ ላነሣ የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ለማንሣት ደግሞ በሰዋስው በር መግባት ሊኖርብኝ ነው። የድሮ ልማድ አይለቅምና ታገሡኝ።

አማርኛችን «ሠራ» እና «አሠራ» የሚሉ ሁለት ግሶች አሉት። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «አ» ብቻ ናት። «ሠራ» ስንል እጁ የቆሸሸው ራሱ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው። «አሠራ» ስንል ባለቤቱ ሌላ፣ እጁ የቆሸሸው ሌላ ነው። ሌላ ነገር ላይ ይህቺን «አ» አንረሳትም። ልብስ ስፌት ቤት ሄዶ «ሱሪ ሰፋሁ» የሚል የለም፤ «አሰፋሁ» ነው የሚለው። ሐኪም ዘንድ የሄደም «ጥርሴን አስነቀልኩ» እንጂ «ነቀልኩ» አይልም። ቤት ላይ ስንደርስ ግን «አ» ትሰወራለች። አንድ ብሎኬት ያላነሣ ሰው «ቤት ሠራሁ» ይላል፤ እኛም «ቤት ሠራ!» ብለን እናወራለታለን። ማንም አይስቅም።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። በኛ አገር ቤት የሠራ ሰው ሰው ሆነ ማለት ነው። ከኪራይ፣ ከአከራይ ግልምጫ፣ «ውሃ አታብዙ፣ መብራት አጥፉ» ከሚል ቃል ወጣ ማለት ነው። ይህን ክብር ከግንበኛና ከለሳኝ ጋር መካፈል አንፈልግም። «ባለቤት» የሚለው ቃላችን ራሱ ከቤት የተወለደ ነው። የንብረት ጌታ ባለቤት ነው፤ ባልም ሚስትም ባለቤት ናቸው፤ የዐረፍተ ነገር አድራጊም ባለቤት ይባላል። ተማሪዎቼን «የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ማነው?» እያልኩ ስንት ዓመት አስጨንቄያለሁ! የራሴን ዐረፍተ ነገር ግን መርምሬው አላውቅም ነበር።

በ1999 ዓ.ም. መምህራን ተሰባስበን ባቋቋምነው የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ከከተማው ዳር 175 ካሬ ሜትር ቦታ ደረሰኝ። ያኔ ሰፈሩ ማታ ጅብ የሚጮህበት፣ ክረምት ያለ ቦቲ ጫማ የማይገባበት ነበር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ናት። የሁለታችንን ደመወዝ ደምረን፣ የዕቁብ ብር ጨምረን፣ ከእናቷ ተበድረን አሰላን። አንድ ኮንትራክተር ቦታውን አይቶ ዋጋ ጻፈልን። ባለቤቴ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ካየች በኋላ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ይህ ትርፍና የአስተዳደር ወጪ የሚለው የኛ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ያንን ብናተርፍ ሁለቱ ክፍሎች ይወጡበታል።

እኔ ደግሞ የራሴ በሽታ ነበረብኝ። የአሜሪካዊውን የሄንሪ ዴቪድ ቶሮን «ዎልደን» አንብቤ ሰክሬ ነበር። ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1845 መጥረቢያ ተበድሮ ጫካ ገባ፤ በኩሬ ዳር የራሱን ጎጆ ሠራ፤ ወጪውንም እስከ ሳንቲም መዘገበ። 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል! ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ከዚህ የባሰ ፈተና ከየት ይመጣል? እኔ የነበረኝ ጠመኔ እንጂ መጥረቢያ አልነበረም። ቢሆንም ኮንትራክተሩን አመስግነን ሸኘነው።

የተከተለውን አንድ ዓመት ተኩል ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ላላሠራ በአጭሩ ልንገረው። በሰው ሰው አንድ ፎርማን ተገኘ፤ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ፣ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው። ዕቃውን እኔ ላቀርብ፣ የእጁን ዋጋ እሱ በቁርጥ ሊሠራ ተስማማን። ከዚያ እኔ ተማሪ ሆንኩ። ፌሮ፣ ሞራሌ፣ ቤቶነራ፣ ባሬላ፣ ቢያጆ... ጣልያን ረስቷቸው የሄደ የሚመስሉ ቃላትን አጠናሁ። አንድ ቢያጆ አሸዋ ከመኪናው ላይ ተራራ መስሎ መሬት ሲወርድ ጉብታ እንደሚሆን ተማርኩ። አሸዋን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርጎ መትቶ ሲያስቀምጡት ጭቃው ከላይ እንደሚሰፍርና ጉዱ እንደሚታይ አወቅሁ። ለአርማታ አንድ ሳጥን ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ውሃ ሲበዛበት ለሠራተኛው ይቀልለዋል፣ ለቤቱ ግን ጉልበት ያሳጣዋል። ከፈሰሰም በኋላ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ መጠጣት አለበት፤ የሚጠበቅበትን ጥንካሬ የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቼ አርማታ ውሃ አጠጥቼ፣ ሱሪዬን አራግፌ፣ 2 ሰዓት ላይ ክፍል እገባለሁ። ሲሚንቶ የጠፋበት ዘመን ስለነበር በስንት ደላላ የተገኙ ከረጢቶች እርጥበት እንዳይነካቸው በተከራየነው ቤት መኝታ ክፍል ከኛ ጋር ያድሩ ነበር።

ማታ ማታ ለባለቤቴ ሪፖርት አቀርባለሁ። «ዛሬ ሦስት መደዳ ገነባሁ።»

«ገነባሁ?» ትላለች እየሳቀች።

«አዎ ገነባሁ!»

እንዲህ እያልን ልስን ላይ ደረስን። ለልስን መወጣጫ ያስፈልጋል፤ የባሕር ዛፍ አጠና ይታሰርና ጣውላ ይጋደምበታል። የኛ ጣውላዎች ከመሠረቱ ጀምሮ አርማታ ሲፈስባቸው፣ ሲመሰመሩ፣ ሲነቀሉ የከረሙ ነበሩ። አንድ ማክሰኞ ፎርማኑ አንዱን አንሥቶ አሳየኝና፣

«መምህር፣ ይሄ ጣውላ አልቋል። አምስት ያህል አዲስ ይገዛ» አለ።

የአምስት ጣውላ ዋጋ በጭንቅላቴ አሰላሁ። በዚያ ሳምንት የበር ቁልፎች መግዛት ነበረብኝ። «ለሁለት ሳምንት እኮ ነው፤ ያዘልቀናል» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «እንዳሉ» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት እያስተማርኩ ስልኬ ዝግ ነበር። ከክፍል ስወጣ ከፈትኩት፤ ሲደወልልኝ ቆይቷል። የለሳኙ ረዳት፣ ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው የ19 ዓመት ልጅ፣ የተቦካ ሲሚንቶ በባልዲ ይዞ በወጥ ቤቱ ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ጣውላው ተሰብሮ ከ3 ሜትር ከፍታ ብሎኬት ክምር ላይ ወድቋል። ጭኑ ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ስደርስ ፎርማኑ በራሱ ገንዘብ ታክሲ ይዞ አድርሶት፣ ካርድ አውጥቶለት፣ ልብሱ ደም በደም ሆኖ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ስለ ጣውላው አንድ ቃል አልተናገረም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። ቢናገር ኖሮ እከራከረው ነበር፤ ዝምታውን ግን ምን ብዬ ልከራከረው?

በማግሥቱ ወዳጅ ዘመድ መጣ። ከመጡት አንዱ ነገረ ፈጅ ነበር። «አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። «የእጅ ዋጋውን በቁርጥ ለፎርማኑ ሰጥተሃል። ልጁን የቀጠረው እሱ ነው። አንተ ባለቤት እንጂ አሠሪ አይደለህም።»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ያልበላ ሰው እንጀራ ሲያይ እንደሚደሰተው ደስ አለኝ። ማታ ለባለቤቴ ደገምኩላት። «እኔ እኮ አሠራሁ እንጂ አልሠራሁም። ሥራው የፎርማኑ ነው።»

ባለቤቴ ቡና ስትቀዳ እጇን አቆመች። «ሦስት መደዳ ሲገነባ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?» አለችኝ።

ሰዋስው ያስተማረችኝ ያን ማታ እሷ ናት። ለምስጋና ጊዜ «ሠራሁ» ነበርኩ፤ ለወቀሳ ጊዜ «አሠራሁ» ሆንኩ። ያቺ ስንፈልጋት የምንሰውራት «አ» ስንፈልጋት ደግሞ ሮጣ ትመጣለች። ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ይህ የኔ ብቻ አመል አይደለም። ድልድዩ ሲመረቅ «ሠራን» ነው፤ ሲሰነጠቅ «ያሠራነው እኛ እንጂ የሠራው እሱ ነው» ይመጣል፤ ነገሩ ሲብስ ደግሞ ባለቤት የሌለው «ተሠራ» ይከተላል። ልጁ ጎበዝ ሲሆን «አስተማርኩት»፣ ሲወድቅ «አልተማረም»። ቋንቋችን የኃላፊነት መሹለኪያ ብዙ በር አለው።

ስለ ሕጉ ያኔ አጥብቄ ጠያየቅሁ። በዚያ ዘመን የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው ይላሉ። ስማቸውን ተመልከቱት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ። ያቺው «አ»! ሕጉ ከሥራው የሚጠቀመው ሰው የሥራውንም አደጋ ይሸከም ማለቱ ነው። ችግሩ፣ እንደኛ ባለው የግል ቤት ሥራ ላይ አሠሪው ማነው? ዕቃ የሚያቀርበውና ቅዳሜ ቅዳሜ ብር የሚቆጥረው መምህር? ወይስ ከሠራተኛው ያልተሻለ ኪስ ያለው ፎርማን? ፍርድ ቤት ብሄድ መከራከሪያ አላጣም ነበር፤ ምናልባትም እረታ ነበር። ግን ምን እረታለሁ? «ይገዛ» ያለው ማን ነበር? «ያዘልቀናል» ያለውስ?

ከ3,700 ዓመት በፊት ገደማ የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ያስቀረጸው ሕግ ስለ ቤት ሥራ ጨካኝ ድንጋጌ አለው። የተሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን ቢገድል ግንበኛው ይሞታል፤ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል የግንበኛው ልጅ ይሞታል። ይህን አንብቤ ብዙ አሰብኩ። ያ ሕግ ቤቱ በባለቤቱ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ደንግጓል፤ ሰው ከቤቱ ላይ ሲወድቅ ግን ምን እንደሚደረግ አልተናገረም። የኛም ወሬ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ስለ ቤት ስናወራ የምንፈራው ለቤቱና ለገንዘባችን ነው።

የሕክምናውን ከፈልኩ። በሽማግሌ ተቀምጠን ለልጁ የተወሰነውንም ሰጠሁ፤ ተፈርሞ ወረቀቱን ተካፈልን። እግሩ ጠገነ፤ ግን አጠረ። ባሬላ ይዞ መወጣጫ ላይ የሚወጣበት ዘመን አበቃ። ቤቱ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አለቀና ገባን። የወጥ ቤቱን ግድግዳ ሌላ እጅ ስለጨረሰው በተወሰነ ማዕዘን ብርሃን ሲያርፍበት ልስኑ የሚገናኝበት መስመር ይታያል። ያን መስመር ከእንግዶቼ አንድም ሰው አይቶት አያውቅም።

ይህን ያነበበ፣ «እንግዲያው ለኮንትራክተር መስጠት ነው» ሊል ይችላል። ቆይ፣ አትቸኩል። አንድ ባልደረባዬ እንደኔ አላደረገም። ከሦስት ኮንትራክተሮች ዋጋ ሰበሰበ፤ ከሁሉ ዝቅ ያለውን መረጠ፤ ፈርሞ ሄደ። ቁልፍ እስኪረከብ ቦታውን ከሁለት ጊዜ በላይ አልረገጠም። «ኃላፊነቱ የሱ ነው፤ የከፈልኩት ለዚህ ነው» ይል ነበር። በሦስተኛው ዓመት የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ተሰነጠቀ። መሬቱ ጥቁር አፈር ነበር፤ ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚጨማደድ። ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ሲገባው ሳይነካ ተገነባበት።

ሕጉ ከባልደረባዬ ጋር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤት ሥራ ተቋራጭን ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ያደርገዋል፤ ጉድለቱ ከመሬቱ ጠባይ ቢመጣ እንኳ። ግን ሰውየው ከየት ይምጣ? ፈቃዱ የአንድ ሰው፣ ሠሪው ሌላ ሰው፣ ስልኩ ዝግ። ባልደረባዬ ተበዳይ ነው፤ ያንን አልክድም። አንድ ቀን ግን ሻይ እየጠጣን ራሱ እንዲህ አለኝ፤ «ዋጋው ለምን እንደረከሰ አልጠየቅሁም። ብጠይቅ የምሰማውን ስለፈራሁ ነው።» እኔ ያለቀ ጣውላ በመጠቀም አተረፍኩ፤ እሱ ባለመጠየቅ አተረፈ። ያዳንነው ብር ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሌላ ሰው የሚከፍለው ነበር። የሱን መልሶ ራሱ ከፈለው፤ የኔን የከፈለው ልጁ ነው።

ያቺን ባለቤቴ ጣቷን ያሳረፈችባትን መስመር አሁን በሌላ ዓይን አያታለሁ። ትርፍና የአስተዳደር ወጪ። እውነተኛ ኮንትራክተር ከሆነ፣ እዚያ መስመር ውስጥ የብረት መወጣጫ አለ፣ የሠራተኛ መድን አለ፣ መሬቱን የሚመረምር መሐንዲስ አለ፣ ሲፈርስም «እኔ ነኝ» የሚል ሰው አለ። እኛ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ብለን አነበብነው። አምስቱ ጣውላዎችም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ያን ገንዘብ ለራስህ ስታስቀር ኃላፊነቱንም አብረህ አስቀርተሃል። ብሩን ወስደህ ኃላፊነቱን ለፎርማን መተው አይቻልም። ለኮንትራክተር ከፍለህም ዓይንህን ጨፍነህ ኅሊናህን በውል ማስረከብ አይቻልም። ራስህ አሠራህም ሰጠህም፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ባለቤት አንተው ነህ።

በኋላ ቶሮንም ደግሜ አነበብኩት። ሰክሬ ሳነብ ያላየሁት ነገር ነበር። የጎጆውን ሳንቃዎች ያገኘው የአንድ ድሃ አየርላንዳዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛን ጎጆ በ4 ዶላር ከ25 ሳንቲም ገዝቶ አፍርሶ ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን በአንድ ጥቅል ሸክፎ በማለዳ ሲወጣ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል። የቤቱን ማዕቀፍ ሲያቆምም ወዳጆቹ አግዘውታል። ቶሮ ይህን አልደበቀም፤ የደበቅሁት አንባቢው እኔ ነኝ። «ብቻውን ሠራ» የሚለውን ፈልጌ ነበርና ያንን ብቻ አነበብኩ። ብቻውን ቤት የሠራ ሰው የለም። የገጠሩ አያቴ ቤት ሲሠሩ በደቦ ነበር፤ መንደሩ ይመጣል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጣራው በአንድ ቀን ይወጣል። አያቴ «ሠራሁ» ሲሉ ሰው ሁሉ የሳቸውን ጠላ ጠጥቷልና ማን ምን እንደሠራ ያውቃል። ቢወድቅ ደግሞ የማን ጣራ ላይ እንደወደቀ ጥያቄ አልነበረውም። እኛ ጠላውን በቀን ደመወዝ ተካነው፤ ማወቁ ግን አብሮ ቀረ።

ልጁን አንድ ጊዜ አገኘሁት። በ2007 ዓ.ም. ነው። መኪና ማቆሚያ ቦታ ትኬት ይቆርጣል። ያወቀኝ እሱ ነው። እያነከሰ መጥቶ ጨበጠኝ።

«መምህር! ቤቱ አለቀ?»

«አለቀ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት። ያ የወጥ ቤት ግድግዳ ፀሐይ እየመታው በጣም አስቸግሮን ነበር እኮ» ብሎ ሳቀ።

«ና እየው፤ ቅዳሜ ቡና እንጠጣ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረች። «ቸኩያለሁ» አልኩት። የመኪና ማቆሚያውን ሒሳብ አልቀበልም አለኝና ሄድኩ። እኔ ክፍል ገብቼ ለተማሪዎቼ «እኔ ቤቴን ስሠራ...» ማለቴን ቀጠልኩ። ከመካከላቸው አንዱ መስኮት እያየ ይሰማኝ ነበር።

ለዚህ ልጅ ከሳምንት በኋላ ደወልኩለት። «ቁጥጥር የሚያደርግልህ መሐንዲስ መቅጠር ከቻልክ፣ ጠዋት ማታ ቦታው ላይ መገኘት ከቻልክ፣ ራስህ አሠራ» አልኩት። «ግን ፎርማኑ ‹ይሄ አልቋል› ሲልህ የመጨረሻውን ቃል እሱ ይበል። ካልቻልክ ለኮንትራክተር ስጥ። ግን ፈቃዱ የማን እንደሆነ ጠይቅ፤ ሠራተኞቹ መድን እንዳላቸው ጠይቅ፤ ዋጋው ከሌሎቹ ከረከሰ ለምን እንደረከሰ ጠይቅ፤ እየሄድክም እይ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስብ። ነገ ሰው ቢወድቅ ‹እኔ እኮ አሠራሁ እንጂ አልሠራሁም› የምትል ከሆነ፣ ዛሬም ‹ሠራሁ› አትበል።»

ትንሽ ዝም አለና ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁት የትኛው ይረክሳል ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም ያኔ የጠየቅሁት እሱን ነው።»

ይህን ስጽፍ የሽማግሌዎቹን ወረቀት ከመሳቢያ ፈልጌ አወጣሁት። በቤቱ ካርታ ላይ የተጻፈው «ባለይዞታ» ተብዬ ነው። በዚህ በእጅ በተጻፈ ወረቀት ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ከስሜ በፊት «የቤቱ አሠሪ» ብለው ጽፈዋል። ቀለሙ ደብዝዟል፤ «አ» ግን ትነበባለች። ከታች የልጁ ወንድም ስልክ ቁጥር አለ። እስካሁን ይሠራ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ከመላኬ በፊት እሞክረዋለሁ።